የግማሽ ሰከንድ መሻገሪያ

ከስንኙ ወደ አዝማቹ የሚታለፍበት ጊዜ አንዳንዴ ከአንድ ምት አይበልጥም። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ከሆነ ጊታሪስቱ ያለው ግማሽ ሰከንድ ነው። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ንጹሑን ድምፅ ዘግቶ ዲስቶርሽን መክፈት፣ ኮረሱን ማጥፋት፣ ዲሌይ ማስገባት፣ ድምፁንም ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። እግሩ ሥር የተደረደሩት ፔዳሎች አራት ከሆኑ አራት ጊዜ መርገጥ ሊኖርበት ነው፤ ያውም በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ጣቶቹ ኮርድ እንደያዙ፣ ዓይኑ የድምፃዊውን ምልክት እየጠበቀ። እናም አንዱን ቀድሞ ይረግጣል፣ ሌላውን ዘግይቶ፣ ሦስተኛውን ጨርሶ ይረሳዋል። አድማጩ የጎደለውን በስም አይጠራውም። አዝማቹ ሲገባ ግን አዳራሹ መሙላት የነበረበትን ያህል እንዳልሞላ ይሰማዋል።

መሣሪያቸውን በአንድ ሣጥን፣ በራክ፣ አሰናድተው የሚጫወቱ ጊታሪስቶች ወደ ሚዲ፣ መሣሪያዎች ትእዛዝ ወደሚላላኩበት የጋራ ደንብ፣ የዞሩት ይህችን ግማሽ ሰከንድ ለማዳን ነው። ስለ ሚዲ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ብዛት ነው፤ 128 ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ)፣ ይህን ያህል ባንክ፣ ያን ያህል ኢፌክት። በእኔ እምነት ብዛቱ የሻጭ ወሬ ነው። አንድ ጊታሪስት በአንድ ምሽት ከስምንት ወይም ከአሥር ድምፅ በላይ የሚፈልገው ከስንት አንዴ ነው። ሚዲ የሚመዘነው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲታለፍ በሚሰማው ነገር ነው። መሻገሪያው ካማረ ሙዚቃው ሳይሰበር ይቀጥላል፤ መሻገሪያው ከተሰበረ መቶ ድምፅ ቢደረደርም የሚረዳ ነገር የለውም።

የነገሩ መነሻ ሎስ አንጀለስ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የከተማዋ ተፈላጊ የስቱዲዮ ጊታሪስቶች በአንድ ቀን ከአንድ ቀረጻ ወደ ሌላ ቀረጻ ሲዘዋወሩ ይውሉ ነበር። አንዱ ስቱዲዮ የፊልም ማጀቢያ ይቀረጻል፣ ሌላው የፖፕ አልበም፣ ሌላው ማስታወቂያ። ፕሮዲዩሰሩ «እስቲ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሰፋ ያለ ድምፅ ስጠኝ» ሲል ጊታሪስቱ ጎንበስ ብሎ ፔዳል ሲሰካካና ባትሪ ሲቀይር የሚታገስ ሰው አልነበረም፤ ስቱዲዮ የሚከፈለው በሰዓት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሁሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተገጥሞ፣ ተሰካክቶ፣ ዝግጁ ሆኖ መድረስ ነበረበት። ሣጥኑ የተወሰደው ከስልክና ከራዲዮ ጣቢያ መሣሪያዎች ነው፤ ወርዱ 19 ኢንች፣ ማለትም 48.26 ሳንቲሜትር፣ እያንዳንዱ የመሣሪያ እርከን ደግሞ 4.445 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ብረት። ራክ የምንለው እሱን ነው።

በዚህ ዓለም ውስጥ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚጠራው ሰው ጊታሪስት አልነበረም። ቦብ ብራድሾው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሎስ አንጀለስ ተጫዋቾች ማቀያየሪያ እየሠራ ስም ያወጣ፣ በኋላም ከስተም ኦዲዮ ኤሌክትሮኒክስ በተባለው ድርጅቱ የታወቀ ባለሙያ ነው። ሐሳቡ ሲሰማ ቀላል ነው። ፔዳሎቹ ከወለል ይነሱና ራኩ ውስጥ ባለ መሳቢያ ይደርደሩ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ወጥቶ የሚመለስበት የራሱ ሉፕ ይኑረው፤ በጊታሪስቱ እግር ሥር የቀረው ሰሌዳ ደግሞ ምንም የጊታር ድምፅ አይለፍበት፣ ትእዛዝ ብቻ ይላክበት። የቶቶው ስቲቭ ሉካተር፣ ማይክል ላንዳውና ኤዲ ቫን ሄለን ብራድሾው በሠራላቸው ራኮች ተጫውተዋል።

የዚህ ሐሳብ ጥቅም በምቾት ብቻ አያበቃም፤ የድምፅ ጥራትም አለበት። የጊታር ፒክአፕ ደካማ ሲግናል ነው የሚያወጣው። በረጅም ገመድና በአሥር ፔዳል ውስጥ እየተጎተተ ሲሄድ፣ ፔዳሎቹ ተዘግተው እንኳ፣ ከፍ ያሉት ድምፆች እየጠፉ ጊታሩ እንደታፈነ ይሆናል። በሉፕ ሲሠራ ግን የተዘጋው ፔዳል ከመንገዱ ጨርሶ ይወጣል። በማቀያየሪያው ውስጥ ያለችው ሪሌይ፣ ያቺ ትንሽ በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሲግናሉን በፔዳሉ በኩል ታሳልፈዋለች ወይም ፔዳሉን ዘልላ በአቋራጭ ትወስደዋለች። ያልተፈለገው ፔዳል የለም ማለት ይቻላል።

ብራድሾው ይህን ሲሠራ በሌላ በኩል ኪቦርድ ሠሪዎች ሌላ ችግር ይዟቸው ነበር። የአንዱ ኩባንያ ሲንተሳይዘር ከሌላው ጋር አይግባባም ነበር። የሴኴንሻል ሰርኪትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝ ከቼት ዉድ ጋር በ1981 የጋራ መግባቢያ የሚሆን ሐሳብ ለኦዲዮ ኢንጂነሮች ማኅበር አቀረበ፤ የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺና ሌሎች የጃፓን አምራቾችም ገቡበት። በጃንዋሪ 1983 በካሊፎርኒያ በተካሄደው የናም የሙዚቃ ዕቃዎች ትርዒት አንድ የሴኴንሻል ፕሮፌት 600 ከአንድ የሮላንድ ጁፒተር 6 ጋር በአንድ ገመድ ተገናኘ፤ የአንዱ ቁልፍ ሲነካ ሁለቱም ጮኹ። የሚዲ ደንብ የመጀመሪያው እትም በዚያው ዓመት ታተመ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ስሚዝና ካኬሃሺ ለዚህ ሥራቸው የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የሚገርመኝ ነገር፣ ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ይህን ያህል ትልቅ ነገር ለማንም እንዲሆን ክፍት አድርገው መተዋቸው ነው። ባይተውት ኖሮ ጊታሪስቱ ዛሬም በየኩባንያው ገመድ ይታሰር ነበር።

ሚዲ ድምፅ አይሸከምም። ይህ ነጥብ ካልገባ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይምታታል። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ ወደ ኩሽና «ጥብስ አንድ!» ብሎ ሲጣራ ጩኸቱ ውስጥ ሥጋም ቅቤም የለም፤ ጥብሱ የሚሠራው ኩሽና ውስጥ ነው፣ እንዴት እንደሚሠራም ኩሽናው ያውቃል። ከእግር ሰሌዳው የሚወጣው መልእክትም እንደዚያው ነው። «ፕሮግራም 5» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም። ፕሪአምፑ አምስተኛው ፕሮግራሙ ምን ዓይነት ዲስቶርሽን እንደሆነ በራሱ ማኅደረ ትውስታ አለው፤ ዲሌዩም የራሱን አምስት ያውቃል፤ ሪቨርቡም እንዲሁ።

ገመዱ ባለ አምስት እግር ክብ መሰኪያ አለው፤ ከአምስቱ ግን በደንቡ መሠረት የሚሠሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። አንዳንድ አምራቾች ትርፎቹን ሁለት እግሮች ለእግር ሰሌዳው ኤሌክትሪክ መላኪያ ያደርጓቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን መድረኩ ፊት የተለየ የኃይል ገመድ መዘርጋት አያስፈልግም። በተቀባዩ በኩል ደግሞ አንዲት ብልህ ነገር ተቀምጣለች። መልእክቱ እንደገባ ለቅጽበት ወደ ብርሃን ይለወጣል፤ ትንሽ አምፖል ትበራለች፣ ፊት ለፊቷ ያለው ብርሃን ተቀባይ ያነበዋል፣ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ ይመለሳል። በላኪውና በተቀባዩ መካከል የኤሌክትሪክ ንክኪ ስለሌለ ብዙ መሣሪያ ሲያያዝ የሚመጣው የመሬት ገመድ ኡኡታ በሚዲ ገመድ በኩል አይተላለፍም። በእኛ አገር ባለ 50 ኸርትዝ መስመር ላይ ያንን የታፈነ እምምታ ሲያሳድድ ያመሸ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ፍጥነቱስ? መልእክቱ በሰከንድ 31,250 ቢት ይጓዛል። ለዛሬ ኢንተርኔት ተጠቃሚ ይህ እንደ ቀንድ አውጣ ነው፤ ግን የሚላከውም ጥቂት ነው። አንድ የፕሮግራም ለውጥ ሁለት ባይት ብቻ ሲሆን ከሺህ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፤ 0.64 ሚሊሰከንድ ነው። ለአምስት መሣሪያ አምስት ትእዛዝ በተከታታይ ቢላክ 3.2 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በዚህ ጊዜ የሚሄደው አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር ግድም ነው። ማለትም ጊታሪስቱ ከአምፑ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቢቆም ከሚሰማው መዘግየት የተለየ አይደለም። ስለዚህ አንድ ድምፅ ሲቀየር «ቆም» የሚል ክፍተት ከተሰማ ጥፋቱ የሚዲ አይደለም፤ ትእዛዙን የተቀበለው መሣሪያ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ሚዲ ወደ ጊታሪስቱ ራክ የገባው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። የያማሃ ኤስፒኤክስ 90፣ የሌክሲኮን ፒሲኤም 70፣ የዴንማርኩ ቲሲ ኤሌክትሮኒክ 2290 ዲሌይ በዚያ ዘመን ወጡ። 2290 ከዲሌይነቱ በላይ አምስት የኢፌክት ሉፕ ስለነበረው ራሱ እንደ ማቀያየሪያ ያገለግል ነበር። በ1987 ደግሞ የኤዲኤ ኤምፒ 1 መጣ። ይህ ባለ ቫልቭ ፕሪአምፕ ነው፤ ጌኑን፣ ባሱን፣ ትሬብሉን፣ ኮረሱን ጭምር በ128 ፕሮግራም ያስቀምጣል፣ በሚዲም ይጠራል። እስከዚያ ድረስ የቫልቭ ድምፅ ማለት በእጅ የሚዞር ቁልፍ ማለት ነበር። ፖል ጊልበርትን የመሳሰሉ ፈጣን ተጫዋቾች ይዘውት ወጡ፤ በመካከለኛ ዋጋም ስለተሸጠ ራክ ከሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ወጥቶ በየመንደሩ ባንድ ገባ።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ማቀያየሪያ፣ አንድ ፕሪአምፕ፣ አንድ ባለ ብዙ ኢፌክትና አንድ ዲሌይ ያለው መካከለኛ ራክ እንውሰድ። ሚዲ 16 ቻናል አለው፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቻናል ይሰጠዋል። ማቀያየሪያው 1፣ ፕሪአምፑ 2፣ ኢፌክቱ 3፣ ዲሌዩ 4። አዲስ የተገዛ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ኦምኒ በተባለው ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ለማንም የተላከውን ትእዛዝ ሁሉ ይቀበላል። ዲሌዩ ሳይጠራ የሚቀያየር ከመሰለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ገመዱ ከእግር ሰሌዳው አውት ወደ መጀመሪያው መሣሪያ ኢን ይገባል፣ ከመጀመሪያው ትሩ፣ ማለትም የገባውን እንዳለ ከሚያሳልፈው መሰኪያ፣ ወደ ሁለተኛው ኢን፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። ከአራት በላይ መሣሪያ በዚህ መንገድ ማያያዝ አይመከርም፤ ሲግናሉ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እየተዛባ ይሄዳልና። ያኔ ለሁሉም እኩል የሚያከፋፍል የትሩ ሣጥን ይሻላል። የአንዱ ገመድ ርዝመትም ከ15 ሜትር ባይበልጥ ነው።

ሌላው የሚያደክም ነገር ቁጥር ነው። በሚዲ ውስጥ ፕሮግራሞች ከ0 እስከ 127 ይቆጠራሉ፤ ብዙ መሣሪያዎች ግን በመስኮታቸው ከ1 እስከ 128 ያሳያሉ። ስለዚህ ሰሌዳው 5 ሲል መሣሪያው 6 ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያዋጣው በወረቀት ላይ ዘፈኑን፣ ቁልፉንና የየመሣሪያውን ቁጥር ጎን ለጎን ጽፎ ራኩ ክዳን ውስጥ መለጠፍ ነው።

የፕሮግራም ለውጥ ከሚዲ ትእዛዞች አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው የመቆጣጠሪያ ለውጥ ይባላል፤ ሦስት ባይት አለው፣ አንድ የተወሰነ ነገር ብቻ ይነካል። ለምሳሌ ዲሌዩን ብቻ ያበራል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። በልማድ ከ0 እስከ 63 ያለው ዋጋ ማጥፊያ፣ ከ64 እስከ 127 ያለው ማብሪያ ነው። እግር እየተጫነው ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚለው የኤክስፕረሽን ፔዳልም በዚሁ ትእዛዝ ነው የሚሠራው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ሰሌዳቸውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ረድፍ ሙሉ ድምፅ የሚጠራ፣ ሌላው ረድፍ በተጠራው ድምፅ ላይ አንዲት ነገር የሚጨምር ወይም የሚቀንስ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ፕሪሴት ብቻ ያለው ሰሌዳ ጊታሪስቱን ያሥረዋል፤ ድምፃዊው ድንገት ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ለብቻው ሲያንጎራጉር «ዲሌዩ ብቻ ይውጣልኝ» የሚልበት ቁልፍ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ወደ መሻገሪያው እንመለስ። ጊታሪስቱ ሶሎውን በረጅም ዲሌይ ጨርሶ የመጨረሻዋን ኖታ ለቀቀ፤ ኖታዋ እየተመላለሰች እየራቀች ትሄዳለች። በዚያች ቅጽበት ወደ ንጹሕ ድምፅ የሚመልሰውን ቁልፍ ሲረግጥ፣ ባለ ብዙ ኢፌክቱ የቀድሞውን ፕሮግራም ጥሎ አዲሱን ይጭናል፤ እየራቀች የነበረችው ኖታ በመቀስ እንደተቆረጠች ትጠፋለች። ከዚያ ጥቂት ዝምታ፣ ከዚያ አዲሱ ድምፅ። በልምምድ ክፍል ውስጥ ብዙም አይታወቅም። ባዶ ቦታ በበዛበት ቀስተኛ ዘፈን፣ በትዝታ ቅኝት ላይ በሚዘገይ ዜማ ውስጥ ግን ያቺ ቁራጭ ዝምታ ከተሳሳተ ኖታ በላይ ጆሮ ትወጋለች።

መፍትሔው ፕሪሴት ከመቀየር ይልቅ በር መክፈትና መዝጋት ነው። ዲሌዩ ሁልጊዜ በርቶ፣ ከጊታሩ ዋና መስመር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሁለቱ በመጨረሻ በትንሽ ሚክሰር ይገናኛሉ። ማቀያየሪያው የሚዘጋው ወደ ዲሌዩ የሚገባውን ሲግናል ነው፤ ከዲሌዩ የሚወጣውን አይነካም። አዲስ ኖታ አይገባም፣ ውስጥ ያለው ግን በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ይመላለሳል። ዋናው መስመርም ዲጂታል መሣሪያ ውስጥ ስለማያልፍ ክፍተት የለውም፤ ሪሌይ የምትዞረው በጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። በ1980ዎቹ የተሠሩት ትልልቆቹ ራኮች ሁለት ዲሌይና የመስመር ሚክሰር ይዘው የሚታዩትም ለዚህ ነው። ደረቁን የጊታር ድምፅ በመሃል ስፒከር፣ ኢፌክቱን በግራና በቀኝ የማድረጉ ልማድም የመጣው ከዚሁ ጎን ለጎን አሠራር ነው፤ በደንብ ሲሠራ ጊታሩ አዳራሹን ይሞላል፣ ግን ፊቱን አያጣም።

ሁለተኛው የመሻገሪያ ጠንቅ የድምፅ ከፍታ ነው። ቤት ውስጥ ዝቅ አድርጎ የተሠራ ፕሪሴት መድረክ ላይ ሌላ ነው። ጆሮአችን በዝቅተኛ ድምፅ ባሱንና ትሬብሉን አሳንሶ ይሰማል፤ ስለዚህ ሰው ቤቱ ሲሠራ ሁለቱን ይጨምራል፣ መሃሉን ይቀንሳል። መድረክ ላይ ድምፁ ከፍ ሲል ባሱ ከቤዝ ጊታርና ከከበሮው ጋር ይጋጫል፣ ጊታሩ የሚሰማበት መሃል ደግሞ የለም። የሶሎ ፕሪሴት ከአጃቢው ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ከፍ ቢል ይበቃዋል፤ ይህም መወሰን ያለበት ከሙሉ ባንድ ጋር፣ በመድረኩ ከፍታ ነው። ሳውንድ ማኑም ማወቅ አለበት። ጊታሪስቱ በሚዲ ከፍ ሲል እሱ ከሚክሰሩ ዝቅ የሚያደርገው ከሆነ ሁለቱም ሲለፉ ያመሻሉ።

ሚዲ ጊዜም ያስተላልፋል። የሚዲ ሰዓት በአንድ ሩብ ኖታ 24 ምልክት ይልካል፤ ዲሌዩ ያንን ቆጥሮ ምልልሱን ከዘፈኑ ምት ጋር ያገጥመዋል። የዩቱው ኤጅ ዓለም ያወቀው የጊታር ስልት ባለ ነጥብ ስምንተኛ ኖታ በሆነ ዲሌይ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በ120 ምት 375 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። እዚህ ላይ የኛን ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ጠንቀቅ ማለት አለበት። ጭክጭካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ እግራችን የሚመታው ትልቁ ምት ሦስት ስምንተኛ ኖታ በውስጡ ይዟል። ያ ትልቁ ምት በደቂቃ 120 ከሆነ መሣሪያው መቀበል ያለበት የሩብ ኖታ ፍጥነት 180 ነው፤ 120 ብሎ የሞላው ሰው ዲሌዩ ከምቱ ጋር ሲጣላ ይሰማል። በትክክል ሲሞላ ስምንተኛዋ ኖታ 167 ሚሊሰከንድ ግድም ትሆናለች፣ ምልልሱም በጭክጭካው ውስጥ እንደ ሁለተኛ ከበሮ ይገባል። ከዚያ ወደ ባለ ነጥብ ስምንተኛ ቢቀየር ትልቁን ምት ለሁለት እኩል ይከፍለዋል፤ ሦስት በሚቆጥር ምት ላይ ሁለት የሚቆጥር ድምፅ ይነሳል። ይህ በሀገርኛ ዜማ ላይ ገና ብዙ ያልተሠራበት መስክ ነው፤ ወጣት ጊታሪስቶች ቢሞክሩት ከልቤ ደስ ይለኛል።

ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ደግሞ እግርም ቀርቷል። በትልልቅ የውጭ ትርዒቶች ብዙ ጊዜ ዘፈኑ ከተቀረጸ ማጀቢያ ጋር ስለሚሄድ ኮምፒውተሩ በትክክለኛው ሰከንድ የፕሮግራም ለውጡን ራሱ ይልካል፤ ወይም ከመድረክ ጀርባ ያለው ቴክኒሽያን ይቀይራል። ጊታሪስቱ ማንኛውንም ቁልፍ ሳይነካ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። ለእነሱ ይሠራል። ለኛ መድረክ ግን አይሆንም ባይ ነኝ። አዲስ አበባም ሆነ ዋሺንግተን ያለ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ዘፈን መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። እስክስታው ከደመቀ፣ ሽልማቱ ከቀጠለ፣ ድምፃዊው የሙሽራውን አባት ስም ካነሳ፣ አዝማቹ እንደገና ይመጣል፤ አንዳንዴም ሳይታሰብ ወደ ሌላ ዘፈን ይታለፋል። ባንዱ የድምፃዊውን ትከሻ እያየ ነው የሚጫወተው። እንዲህ ባለ ሙዚቃ ላይ መሻገሪያውን የሚወስን ዓይንና እግር እንጂ የሰዓት ቆጣሪ ሊሆን አይገባም። ሚዲ እዚህ የሚሰጠው ትልቅ ነገር፣ ድምፃዊው ሲዞር አራቱ ለውጥ በአንድ ጊዜ እንዲሆን ማድረጉ ነው።

ስለ መብራት ጥቂት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ የቫልቭ አምፕ ለመሞቅ፣ ዲጂታሉ ኢፌክት ለመነሳት ጊዜ ይወስዳሉ። ኢፌክቱንና ማቀያየሪያውን ብቻ በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ብዙ ኪሎ የማይጨምር መላ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ አሮጌ ራክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ በ220 መሰካት መሣሪያውን ያቃጥላል። በ1980ዎቹ የተሠሩ ብዙ መሣሪያዎች ፕሪሴታቸውን የሚይዙት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ባትሪ ነው፤ ባትሪዋ ስትሞት የዓመታት ሥራ ይጠፋል። ሚዲ ለዚህም መንገድ አለው። ሲስተም ኤክስክሉሲቭ በተባለው መልእክት የመሣሪያው ማኅደር በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፣ ባትሪው ሲቀየርም ይመለሳል። አሮጌ ራክ የገዛ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ይህን ነው፤ ከመጫወቱም በፊት።

በ1990ዎቹ ትልልቆቹ ራኮች ከፋሽን ወጡ። የሲያትል ባንዶች ጊታርን ወደ ጥቂት ፔዳልና አንድ አምፕ መለሱት። ሉካተር ራሱ ከዓመታት በኋላ ያን የኢፌክት ብዛት ትቶ ወደ ቀለል ያለ ዕቃ ዞሯል፤ ለድምፁ የሚበጀው እሱ መሆኑንም በግልጽ ተናግሯል። ይህን የሰማ ሰው ራኩ ስሕተት ነበር ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አላይም። የራኩ ዘመን ጥሎት የሄደው ክብደቱን ነው፤ አሠራሩ አልሞተም። በ2006 የወጣው የፍራክታል ኦዲዮ አክስ ኤፍኤክስ፣ ከዚያ ኬምፐር፣ በ2015 የላይን 6 ሂሊክስ ያንን ሙሉ ራክ በአንድ ሣጥን ውስጥ አስገብተውታል፤ በአንድ ፕሪሴት ውስጥ ሳይቋረጡ የሚቀያየሩ «ሲን» ወይም «ስናፕሾት» የሚሏቸው ነገሮችም ብራድሾው በሪሌይና በሚክሰር የፈታውን ችግር በሶፍትዌር የሚፈቱ ናቸው። ትንንሾቹ ፔዳሎች እንኳ ሚዲ ይዘዋል፤ ለባለ አምስት እግሩ ትልቅ መሰኪያ ቦታ ስላጡ በ3.5 ሚሊሜትር ጃክ ይጠቀማሉ፣ የጃኩም አሰካክ በ2018 አንድ ወጥ ደንብ ወጥቶለታል።

በ2020 ሚዲ 2.0 ይፋ ሆነ፤ መሣሪያዎች አንዱ ሌላውን ጠይቀው እንዲተዋወቁ ያስችላል፣ ትእዛዞቹም ከቀድሞው እጅግ የረቀቁ ናቸው። የቀድሞው ግን አልተሻረም። በ1987 የተሠራ ኤምፒ 1 ዛሬ ከተገዛ የእግር ሰሌዳ ትእዛዝ ይቀበላል፤ መሃል ላይ አስተርጓሚ አያስፈልገውም፣ ያቺው ሁለት ባይት ናት። በራክ መጀመር የሚፈልግ ወጣት ጊታሪስት ውዱንና አዲሱን መጠበቅ የለበትም። አንድ ያገለገለ ባለ ሚዲ ዲሌይ፣ አንድ ባለ አራት ሉፕ ማቀያየሪያና አንድ ቀላል የእግር ሰሌዳ ይበቁታል፤ ሦስት ድምፅ ይሥራ፣ ንጹሕ፣ ሻካራና ሶሎ፤ ከዚያ ከባንዱ ጋር ተቀምጦ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፉን ብቻ ይለማመድ።